አብሽር የት ሄደ?

«አብሽር የት ሄደ?» አለኝ ዛሬ አንድ ቁስለኛ ወታደር።

እኛ በጎ ፈቃደኞቹ በሶና ፋሻ በበቅሎ ጭነን ከደሴ ኮምቦልቻ መውረዳችን ነበር። (በቅሎዬ የጣሊያን አውሮፕላን ስትሰማ ቀድማኝ ነው የምትደበቀው።)

አብሽር የሚባል ሰው የለንም። ጓደኛዬ ሰይድ ግን ቁስለኛ ባነሳ ቁጥር «አብሽር፣ አብሽር» ይላል። ወታደሩ የሩቅ አገር ሰው ስለሆነ ቃሉ የወሎ «አይዞህ» መሆኑን አላወቀም፤ የሰይድ ስም መስሎታል።

ሰይድ እህል ሊያመጣ ወደ ቢስቲማ እንደሄደ ቀረ። መንገዱ በቦምብ ተመታ ይላሉ። እኔ ግን ዓይኔን ከዚያ መንገድ ላይ መንቀል አቅቶኛል።

«ይመጣል አይደል?» አለኝ ወታደሩ።

«አብሽር» አልኩት፤ ሳላስበው።

«እንዴ! ያንተም ስም አብሽር ነው?»

እናንተስ፣ የናፈቃችሁት ሰው ቃል ከገዛ አፋችሁ ወጥቶ ያውቃል?