ኖር ያልኩ ቀን

ቃሊቲ አንድ የመጋዘን ግቢ ውስጥ የሰው ማንሻ መኪና ኦፕሬተር ሆኜ ስሠራ፣ አደጋ የሚመጣው ከላይ ይመስለኝ ነበር። የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ንፋስ፣ የላላ ብሎን፤ ሥልጠና ላይ የነገሩን ይህንኑ ነው። እኔ መኪናው ጎን ባለችው ወንበር ተቀምጬ መቆጣጠሪያ ዘንጎቹን አንቀሳቅሳለሁ፤ በያጁ መኪናው ወደ ላይ በሚያነሳው የብረት ቅርጫት ውስጥ ቆሞ ጣሪያ ሥር ይበይዳል። ከኮዬ ፈጬ በሁለት ታክሲ የሚመጣ ቀልደኛ ሰው ነው። ሚስቱንና ልጆቹን የሚያኖረው በእጁ ነው፤ ሌላ ነገር የለውም።

የዚያን ቀን የሚበየደው ከጣሪያው አግዳሚ ብረት ሥር ስለነበር ቅርጫቱን በጣም አስጠጋሁለት። በቅርጫቱ ጠርዝና በአግዳሚው መካከል አንድ ስንዝር ብትቀር ነው። ግራ እጁን ጠርዙ ላይ አሳርፎ ይሠራል። ይኼኔ የግቢው ዘበኛ መጡ። የባቡር ጡረተኛ ናቸው፤ በዕድሜ አያቴን ያህላሉ።

ትልቅ ሰው ሲመጣ ተቀምጦ መቆየት እኛ ቤት አይታሰብም። በልጅነቴ በዚህ ስንቴ ተቆንጥጫለሁ። ሳላስበው ብድግ አልኩ።

«ኖር አባባ!»

«በእግዜር! ኧረ አትነሺ ልጄ» አሉኝ።

ተነስቻለሁ። ቱታዬ በወንድ ልክ የተሰፋ ነው፤ ሰፊው እጅጌ ዘንጉን ይዞት ተነሳ። ቅርጫቱ ወደ ላይ ዘለለ።

የሆነው የገባኝ የበያጁን ጩኸት ስሰማ ነው። እጁ በጠርዙና በአግዳሚው መካከል ተጣብቋል። «አውርጂኝ! አውርጂኝ!» ይላል። ሁለት ዓመት የሠራሁበት ዘንግ ወዴት ሲገፋ እንደሚወርድ ጠፋኝ። ስንት ሰከንድ እንደቆየሁ አላውቅም፤ ለእሱ ግን ረጅም ነበር። ሁለት ጣቶቹን ሆስፒታል ቆረጧቸው።

ሪፖርቱ ላይ «የኦፕሬተር ጥንቃቄ ጉድለት» ተብሎ ተጻፈ። ትክክል ነው። ዘበኛው ግን ከዚያ በኋላ እኔ ያለሁበትን እያዩ፣ እንዳልነሳላቸው በሌላ በር መዞር ጀመሩ። እሳቸው ምን አጠፉ? ይኼ ከሪፖርቱ የበለጠ አሳፈረኝ። ለምኜ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወርኩ።

ከወራት በኋላ በያጁ ወደ ሥራ ሲመለስ፣ በእኔ ቦታ የተመደበውን ኦፕሬተር አይቶ ቅርጫቱ ውስጥ አልገባም አለ። «እሷን ጥሩልኝ» ብሎ ላከብኝ። ሄድኩ። ዓይኑን ማየት አቃተኝ።

«ለምን እኔን?» አልኩት።

«እሱ ገና ሊሳሳት ነው። አንቺ ተሳስተሽ ጨርሰሻል።»

ሰው ተሳስቶ እንደማይጨርስ ሁለታችንም እናውቃለን። ወንበሯ ላይ ተቀመጥኩ። ሰፊውን እጅጌዬን እስከ ክርኔ ጠቀለልኩ። ቅርጫቱ ውስጥ ገባና በሩን ዘጋ።

«አንሺኝ» አለ።