የአጎቴ ወፍጮና የእኔ ጆሮ

ልጅ እያለሁ ከየትኛውም ቦታ አብልጬ የምወደው የአጎቴን ወፍጮ ቤት ነበር። በጣም ዓይን አፋር ስለነበርኩ ቤት እንግዳ ሲመጣ ከመጋረጃ ጀርባ እገባ ነበር። ወፍጮ ቤት ግን ማንም እንድናገር አይጠብቅም። ሞተሩ ከተነሳ ሰው ከሰው የሚግባባው በእጅ ነው። መዳፉን በመዳፉ ያሸ ዱቄቱ ይላም ማለቱ ነው፤ ጣቶቹን ሰብስቦ የበተነ ደግሞ ሸርከት ይበል ማለቱ። በዚያ ዘመን ከሚሴ ያደጋችሁ ታስታውሱታላችሁ። ከጨፋ ሮቢት ማሽላ በአህያ ጭነው የመጡት ሴቶች በሩ ላይ ቆመው በእጃቸው ሲያወሩ የሚጨፍሩ ይመስሉ ነበር።

አጎቴ ይማም የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። አባቴ ከሞተ በኋላ አባት የሆነን እሱ ነው። ከትምህርት ቤት ስወጣ በቀጥታ ወደ እሱ እሄዳለሁ። ሥራዬ ከሞተሩ አጠገብ ቆሜ ዱቄቱ የሚወርድበትን ጆንያ መያዝ፣ ሲሞላም እጄን ማንሳት ነበር። የናፍጣው ሽታ፣ ትኩስ የሚወርደው የማሽላ ዱቄት ሽታ፣ ቅንድቤ ላይ የሚያርፈው ነጭ ብናኝ አሁንም ከእኔ ጋር ነው። ሴቶቹ ጉንጬን እየነኩ “ኢንተላ ኮ” ይሉኛል፤ በኦሮምኛ ሴት ልጄ ማለታቸው ነው። ድምፃቸውን ሰምቼ ሳይሆን ከንፈራቸውን አይቼ ነበር የምለየው። አጎቴ ከብናኙ ለመከላከል ራሱን እስከ አንገቱ በሻሽ ጠምጥሞ፣ ከወዲያ ማዶ አውራ ጣቱን ሲያነሳልኝ ግን ከዚያ የሚበልጥ ደስታ አልነበረኝም።

አምስተኛ ክፍል ስደርስ ጆሮዬ ውስጥ ፉጨት ጀመረ። ሞተሩ ሲቆም እሱ አይቆምም። ራሴን ያመኛል፤ እንቅልፍ እንቢ ይለኝና ክፍል ውስጥ አንገቴን ደፍቼ እውላለሁ። መምህራችን ወደ ሰሌዳው ዞሮ ሲናገር ግማሹ ይጠፋብኛል። እጄን አንስቼ አልሰማሁም ማለት ደግሞ ለእኔ ከሞት አይሻልም። መጀመሪያ ኩራተኛ ተባልኩ፣ ቆይቶ ደግሞ ሰነፍ። አንድ ቀን እንደ ምንም ደፍሬ ለአጎቴ ነገርኩት። ሳቀብኝ።

“ጆሮ ይለምዳል” አለኝ። “እኔን አታይኝም? ስንት ዓመቴ እዚህ ስቆም! ወላሂ አንድም ቀን ጆሮዬን ብዬ አላውቅም።”

ወላሂ ካለ በኋላ ምን እላለሁ? እሱ ከቻለው እኔም እችለዋለሁ ብዬ ወደ ሞተሩ ይበልጥ ተጠጋሁ።

አጎቴ ሁልጊዜ ውዱእ፣ ማለትም የሶላት ትጥበቱን፣ የሚያደርገው መስጊድ ሄዶ ነበር። አንድ የገበያ ቀን ግን ወረፋው አስፋልት ድረስ ወጣ። የከሰዓቱ የአስር ሶላት እንዳያልፈው እዚያው ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ሊሰግድ ብሎ፣ ወፍጮውን ለቀጠረው ሠራተኛ ሰጥቶ ውሃ እንዳመጣለት በእጁ ጠቆመኝ። ማንቆርቆሪያውን ይዤ ስደርስ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሻሹን ይፈታ ነበር። ውዱእ ላይ ጆሮም ይታበሳል። ከቀኝ ጆሮው አንድ፣ ከግራውም አንድ፣ ቫዝሊን የተቀባ ጥጥ አወጣና ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

ቀና ሲል አየኝ። ጥጡን በመዳፉ ሊሸፍን ሞከረ፤ ግን አይቼዋለሁ።

“ደሴ ያለው ሐኪም ነው ያዘዘኝ። ይሄ ድምፅ ጆሮ ይገድላል አለኝ” አለ። ሞተሩ ከግድግዳው ወዲያ እየጮኸ ስለነበር ከንፈሩን አይቼ ነው የተረዳሁት። “ለእናትሽ እንዳትነግሪ። ከነገርሻት አትልክሽም።”

ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ውሃውን አፈሰስኩለት። ጆሮዎቹን ከውስጥም ከውጭም ቀስ ብሎ አበሰ። ሰግዶ ሲጨርስ ጥጡን መልሶ ወተፈ፣ ሻሹንም ጠመጠመ፤ ከዚያ በእጁ ወደ ሞተሩ፣ ወደ ቦታዬ እንድመለስ አሳየኝ። ለእኔ ቁራጭ ጥጥ እንኳ አልሰጠኝም።

ለእናቴ ነገርኳት። “ወንድሜ እንዲህ አያደርግም” አለች። እኔም ወፍጮ ቤቱን ተውኩት፤ ስድስተኛ ክፍልን እንደ ጨረስኩ ትምህርቱንም ተውኩ። ኋላ ጤና ጣቢያ ሲያዩኝ የሄደው ጆሮ አይመለስም አሉኝ።

ያኔ ጩኸቱ አንድ ቤት ውስጥ ነበር። ከዚያ ወጥተን ወደ ቦርከና ወንዝ ስንወርድ ሌላው ልጅ ሁሉ የእንቁራሪቱን ድምፅ ይሰማ ነበር። ዛሬ ከሚሴ በሙሉ ወፍጮ ቤት ሆናለች። ባጃጁ፣ የመኪናው ጥሩምባ፣ በየሱቁ በር የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ አንዱ ሌላውን ሊያስንቅ ይጮኻል። ልጆች ሥሩ ቆመው ይስቃሉ፤ የሚነግራቸው የለም። እኔ ልጄን አዝዬ ሳልፍ ነጠላዬን ጆሮዋ ላይ እደርባለሁ።

ባለፈው ዒድ አጎቴ ሊጠይቀን መጣ። አርጅቷል፣ በከዘራ ነው የሚሄደው። አልጠላሁትም፤ ምንጣፍ አንጥፌ፣ ምግብ አቅርቤ፣ ልጄን ጓዳ አስተኝቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። እንደ ድሮው ከንፈሩን እያየሁ ወሬውን እከተላለሁ። መሃል ላይ ንግግሩን አቆመና ጆሮውን ወደ ጓዳው አዘነበለ።

“ልጅሽ እያለቀሰች ነው እኮ” አለኝ። “አትሰሚያትም እንዴ?”