ዜማ ያላስያዘ አይናገርም

ማንቆርቆሪያው እያፏጨ ውሃው ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ ቁልፍ ሠሪው ከምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ጫማውን ይጠርግ ነበር። ታላቅ እህቱ ከመኝታ ቤት በሩጫ ወጥታ ምድጃውን አጠፋችና የጠቆረውን ማንቆርቆሪያ በጨርቅ ይዛ ፊት ለፊቱ አቆመችው።

«አንተ፣ ይኼ ሁሉ ሲጮህ አትሰማም?»

«ሐሳብ ይዞኝ ነው፣ እትዬ።»

«ሐሳብ ጆሮ ይደፍናል እንዴ?»

የጠረገውን ጫማ መልሶ ጠረገው። ዕለቱ እሑድ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ቲያትር ቤት ይሄዳል። ድሮ እሑድ ጠዋት እያንጎራጎረ ነበር ጫማውን የሚጠርገው። አሁን ብሩሹ ከእጁ ያመልጠዋል።

ሱቁ ከአንድ ሰውና ከአንድ ማሽን በላይ አይዝም። ያልተቀረጹ ቁልፎች በግድግዳው ላይ በየዓይነታቸው ተንጠልጥለዋል፤ የነሐስ ብናኝ በመስኮቱ ደፍ፣ በሻይ ብርጭቆው፣ በቅንድቡ ላይ ሳይቀር ይተኛል። ማሽኑ ነሐስ ሲነካ የሚያወጣው ድምፅ ጥርስ ያጠርሳል። መንገደኛው ሁሉ ጆሮውን በመዳፉ ይዞ ያልፋል። እሱ ግን ከጎረምሳነቱ ጀምሮ ጆሮውን ሸፍኖ አያውቅም። «ማሽኔ ሲሳሳት በድምፁ ነው የማውቀው፤ ሐኪም የታማሚውን ደረት እያዳመጠ ጆሮውን ይደፍናል?» ይላል፣ የመከረው ሰው ሲኖር።

ከጊዜ በኋላ የማሽኑ ጩኸት እየለዘበ መጣ። መጀመሪያ ደስ አለው፤ አዲሱ ዘይት የተስማማው መሰለው። ቆይቶ ግን መንገደኞቹ አሁንም ጆሯቸውን ይዘው እንደሚያልፉ አየ። ያን ዕለት ሱቁን በጊዜ ዘግቶ ሄደ።

የጠፋበት ሁሉም ድምፅ አልነበረም። የአውቶቡስ ሞተር፣ ከበሮ፣ የወንድ ሳል ይሰማዋል። የሚሸሸው ቀጭኑ ነው፤ የወፍ፣ የሕፃን፣ የቫዮሊን፣ የሴት። ሴት ደንበኛ ስትመጣ ከንፈሯን እያየ ይገምታል። ቁልፍ ይዞ ወደ ቁልፍ ሠሪ የመጣ ሰው የሚፈልገው ነገር ያው ስለሆነ ግምቱ እምብዛም አይስትም። የእህቱንም ድምፅ ቢሆን ከለመደው ፊቷ ላይ ያነበዋል። ጭንቁ እሑድ ነው።

ከቲያትር ቤቱ ፊት ለፊት ባለው ኬክ ቤት፣ መስኮቱ ሥር ያለው ክብ ጠረጴዛ የእነሱ ነው። አራት ናቸው። ጡረታ የወጡት የሒሳብ አስተማሪ አሉ፤ ሁሉም «መምህር» ይሏቸዋል። ነርሷ አለች፤ እሷ «ሲስተር» ናት። ታክሲ ነጂው በድምፁ ውፍረት የተነሣ «ጡሩምባ» የሚል ስም ወጥቶለታል። አራተኛው እሱ ነው፣ «ቁልፌ»። ዘመድም ጎረቤትም አይደሉም፤ ትኬት መቁረጫው ሰልፍ ላይ ነው የተዋወቁት። ሙዚቃዊ ቲያትር በመጣ ቁጥር አንድ ረድፍ ይዘው ያያሉ፤ ሲያልቅ መንገዱን ተሻግረው ይፈርዱበታል።

የጠረጴዛውን ደንብ ያወጣው ቁልፌ ራሱ ነው። አንድ እሑድ ጡሩምባ የቲያትሩን ሁለተኛ ክፍል በሙሉ አንቀላፍቶ አሳለፈና፣ ኬክ ቤት ሲደርሱ ከሁሉ ቀድሞ አፉን ከፍቶ የማሳረጊያውን የሠርግ ዘፈን እስከ ሰማይ አወደሰው። ሠርጉ ፈርሶ ነበር። ዘፈን የሚባል ነገርም አልነበረም። ሳቁ ሲበርድ ቁልፌ ጠረጴዛውን በማንኪያ መታና፣ «ከእንግዲህ መያዣ ይኖራል። አስተያየት አለኝ የሚል ሁሉ መጀመሪያ ከቲያትሩ አንድ ዜማ ያንጎራጉር። ዜማ ያላስያዘ አይናገርም» አለ። ደንቡ በዚያው ጸደቀ። ጡሩምባ እስከ ዛሬ «እንቅልፌ ያመጣው ሕግ» ይለዋል።

አሁን ያ ደንብ ባለቤቱን አንቆ ይዞታል። ብልሃቱ መጨረሻ ላይ መናገር ነበር። መምህር ድምፃቸው ወፍራም ነው፤ እሳቸው ሲያንጎራጉሩ በልቡ ይቀዳና ተራው ሲደርስ ጫፉን ቀየር አድርጎ ያስይዛል። ሲስተር «ቁልፌ ዛሬም ከመምህር ጋር አንድ ልብ ናችሁ» ስትል ይስቃል።

የሚፈራው ደንቆሮ መባልን ብቻ አልነበረም። ሚስትም ልጅም የለውም፤ እሑድ ከወጣ ሳምንቱ ከሱቅ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሱቅ ነው። ዜማ የማይሰማ ሰው በዚያ ጠረጴዛ ምን ይሠራል? እንደማያባርሩት ያውቃል። ያዝኑለታል። ጡሩምባ መተረቡን ይተዋል፤ ሲስተር ኬኩን ትቆርስለታለች፤ መምህር እንደ ሕፃን ቀስ እያሉ ያስረዱታል። እንዲህ እንዲህ እያለ አንድ እሑድ ወንበሩ ላይ የሰው ጃኬት ይቀመጥበታል።

የዚያ እሑድ ቲያትር ጀልባ ስለምትቀዝፍ ሴት ነበር። ወንዙን የሚሻገረውን ሁሉ ታሻግራለች፤ ሙሽራውን፣ ሬሳውን፣ ወታደሩን። ቁልፌ እንደ ልማዱ የፊተኛውን ወንበር መደገፊያ በጣቶቹ ያዘ። ከበሮው በእንጨቱ በኩል ይመጣለታል። የወታደሮቹን ዝማሬ ሰማው፤ ደረቱ ውስጥ ገባ፤ ትንሽ ተጽናና። «ይህን አስይዛለሁ» አለ በልቡ፤ ግን ገና አንዱን ስንኝ ሳይይዝ ወታደሮቹ ወጡ።

በመጨረሻው ትዕይንት ሴትዮዋ መቅዘፊያዋን ጥላ ብቻዋን ቆመች። ከመድረኩ ሥር ከበሮ መቺው ዱላዎቹን ጉልበቱ ላይ አኖረ። ባለ ቫዮሊኗ ቀስቷን አወረደች። የሙዚቃ መሪው እጆቹን አጣመረ። ሴትዮዋ አፏን ከፈተች።

ምንም።

ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ አንገቷ ላይ ያለው ጅማት ይወጠራል፤ ምንም የለም። ቁልፌ የወንበሩን እንጨት ጨመቀው። እንጨቱም ዝም አለ። ዝም ያለችው እሷ ናት ወይስ እኔ ነኝ? በጎን ሲያይ ሲስተር በመሐረብ ዓይኗን ትጠርጋለች። ሰው ለዝምታም ያለቅሳል። ደግሞስ ሙዚቀኞቹ መሣሪያቸውን ያስቀመጡት ለምንድን ነው? ነገር በዓይን ይገባል ይባል የለ፤ ዓይኑ ያየውን ሰበሰበና አንድ ፍርድ ሠራ፦ ድምፅ የለም፤ ደራሲው ሆን ብሎ ነው። ፍርዱ ጥሩ ነበር። ልቡ ግን እንደ ተዘጋ በር ይደበደብ ነበር። መጋረጃው ሲወርድ ጭብጨባውን ሰማ፤ ጭብጨባ ወፍራም ነው።

ኬክ ቤቱ ሞቋል፤ የመስኮቱ መስታወት ላብ ይዟል። ገና ሳይደላደሉ ጡሩምባ ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ለጠጥ አለ።

«ዛሬ ጅራቱ ራስ ይሁን። ሁልጊዜ እኛ ስናርስ ቁልፌ ያጭዳል።»

«ተራዬ መጨረሻ ነው» አለ ቁልፌ።

«ማን ሰጠህ? ከእናትህ ሆድ ነው ይዘኸው የወጣኸው?»

«ኬኩ ይምጣ መጀመሪያ።»

«ኬኩ አፍንጫህ ሥር ነው።»

መምህር ሳቅ አሉ። «እውነቱን ነው፤ አንድ ቀን እንኳ አንተ ጀምርልን።»

ቁልፌ ማንኪያውን አነሣ፣ መልሶ አስቀመጠው። ከወታደሮቹ ዝማሬ ሊይዝ ሞከረ፤ ፍርሃቱ ጠራርጎ ወስዶታል። ሦስቱም ያዩታል። ያን ጊዜ በአዳራሹ የሠራው ፍርድ ትዝ አለውና እንደ ሰመጠ ሰው ጨበጠው።

«ዛሬ የማስይዘው ዜማ የለኝም» አለ። «ደራሲውም አላስያዘንም። መጨረሻ ላይ ሴትዮዋ ስትቆም ሙዚቀኞቹ ሁሉ መሣሪያቸውን አስቀመጡ፤ አያችሁ? አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣም። ያን ሁሉ ሰው አሻግራ ለራሷ የሚተርፍ ድምፅ አጣች። ስንት ሙዚቃዊ ቲያትር አየን? ዘፈን በሚጠበቅበት ቦታ ዝምታ የደፈረ አላየሁም። እኔ ያንን ዝምታ ነው የማስይዘው።»

እየተናገረ ሳለ ቃሉ ጣፈጠው፤ ፍርሃቱ እንኳ ለቀቅ አድርጎት ነበር።

ጡሩምባ ጠረጴዛው እስኪነቃነቅ ሳቀ። «አይ ቁልፌ፤ ዛሬስ ገደልከን—»

ሳቁ መሀል ላይ ቆመ፤ የሳቀው እሱ ብቻ ነበር። የመምህር ማንኪያ አየር ላይ ቀርቷል። ሲስተር ቁልፌን ትኩር ብላ አየችው። ከዚያ ስኒዋን አነሣችና አፏን በስኒው ጋርዳ፣ ሳትጠጣ፣ ቆየች። ዓይኖቿ ብቻ ከስኒው በላይ ይታያሉ፤ መልስ የሚጠብቁ ዓይኖች ነበሩ። አንድ ነገር ብላለች። ምን?

«ልክ ነሽ» አለ ቁልፌ። «እኔም እንደዚያው ነው ያልኩት።»

ሲስተር ስኒውን ቀስ ብላ አስቀመጠች። መምህር በወፍራም ድምፃቸው፣ ጠረጴዛውን እያዩ፣ «የጠየቀችህ እኮ የምትለው ይሰማህ እንደሆነ ነው» አሉት።

የፈሩት ይደርሳል። ጆሮው ውስጥ የደሙ ድምፅ ብቻ ተሰማው፤ እሱም ወፍራም ነበር።

«ዘፈነች?» አለ።

«ዘፈነች» አሉ መምህር። «ያለ መሣሪያ፤ ብቻዋን።»

«ረዥም?»

«ረዥም።»

ተነሥቶ ጃኬቱን ከወንበሩ ሳበ። እጅጌው እንቢ አለው፤ ክንዱ የት እንደሚገባ ጠፋው። ሲስተር ልትረዳው ተነሣች። ሲፈራው የኖረው ይኸው መጣ፤ ቀጥሎ ኬክ መቁረስ ነው።

«ወዴት ነው?» አለ ጡሩምባ። «መያዣህስ?»

ሲስተር ወደ ጡሩምባ ዞራ አንድ ነገር አለችው፤ ፊቷ «ተው» የሚል ፊት ነበር።

«ምን ተው አለ? ደንቡን ያወጣው እሱ ነው። እኔን እንቅልፋም እያለ ስንት እሑድ አላገጠብኝ። አሁን ራሱ ላይ ሲደርስ ይሰረዝ? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል እኔም ተረት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ተቀመጥ አንተ።»

ቁልፌ አንድ እጁ ጃኬት ውስጥ፣ አንዱ ውጭ እንደ ሆነ ተቀመጠ።

ጡሩምባ ወንበሩን አስጠግቶ፣ ክርኖቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ማንጎራጎር ጀመረ። ጥሩ ድምፅ የለውም፤ ዳገት ላይ የጫነ መኪና ይመስላል። ግን ይሰማል። ቁልፌ ሳያስበው መዳፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«እዚያ ጋ አይወርድም፤ ይወጣል» አሉ መምህር።

«የእርስዎን ሰምቶ የሲስተርን አልሰማም፤ ካወጣሁት አይሰማውማ» አለ ጡሩምባ፤ ዜማውንም ከመጀመሪያው ጀመረው።

ጎረቤት ጠረጴዛ ያሉት ዞረው አዩአቸው። ጡሩምባ ግድ አልሰጠውም። ደገመው። ቁልፌ ተከተለው፤ ተሰናከለ፤ ጡሩምባ ቆሞ ጠበቀውና እንደገና ከዚያው አነሡት። ኋላ ላይ ቁልፌ እስከ መጨረሻው ብቻውን አደረሰው።

«ይኼ ነው ያስለቀሳችሁ?» አለ።

«እሷ ስትለው እንደዚህ አልነበረም» አሉ መምህር።

«እንግዲያው እኔ ያየሁት ይሻል ነበር።»

«ተመስገን፣ ምላሱ አልደነቆረም» አለ ጡሩምባ። «መያዣህን ተቀብለናል። በል አሁን ፍረድ።»

ቁልፌ ወታደሮቹ በዝተዋል፣ ጀልባዋ ከጣውላ ይልቅ ካርቶን ትመስላለች ብሎ ፈረደ። መምህር ስለ ጀልባዋ ተከራከሩት፤ ካርቶን እንኳ ቢሆን የሚሰምጥ ካርቶን አይደለም ሲሉ ሲስተር ሳቀች። ከኬክ ቤቱ ሲወጡ ግን ደረጃው ላይ አስቆመችውና፣ ፊት ለፊቱ ሆና፣ ከንፈሯን እንዲያይ ቃሉን እየለየች ተናገረች።

«ማክሰኞ እኔ የምሠራበት ሆስፒታል ትመጣለህ።»

«ይመለስልኛል?»

ሊዋሽ የሚችል ፊት አልነበረም ፊቷ። «የሄደውን እንጃ። የቀረውን እንጠብቀዋለን። ማሽኑ ላይ ስትሠራ ጆሮህን ትሸፍናለህ?»

«ሸፍኜ አላውቅም።»

«ከነገ ጀምሮ ሸፍን» አለችው።

ቤት ሲደርስ እህቱ አዲስ ማንቆርቆሪያ ገዝታ ምድጃው ላይ ጥዳ አገኛት። አጠገቧ ተቀምጦ፣ ውሃው ሲፈላ የክዳኑን መንቀጥቀጥ እያየ፣ ሁሉንም ነገራት። እሷም ሰምታ ስታበቃ፣ «እኔ እኮ ሐሳብህን ስሰድብ ነው የከረምኩት» አለችና ጀርባውን መታ አደረገችው።

በማግስቱ ጥጥ ጆሮው ውስጥ ወትፎ፣ በላዩም የክረምት ቆቡን እስከ ጆሮው ድረስ አጥልቆ ማሽኑ ፊት ተቀመጠ። ፍርሃቱ አልሄደም፤ ሱቁ ጠባብ ስለሆነ እንዲያውም አጠገቡ የተቀመጠ ይመስለው ነበር። ረፋድ ላይ አንዲት ሴት መጣች። ቦርሳዋ ውስጥ እየፈለገች፣ አንገቷን እንዳቀረቀረች ተናገረች። ከንፈሯ አልታየውም። እንደ ወትሮው ሊገምት አፉን ከፈተ።

ማሽኑን አጠፋ። ቆቡን አውልቆ ጥጡን አወጣ።

«እመቤቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ቀና ብለው ይንገሩኝ» አለ። «ቀጭን ድምፅ አይሰማኝም።»

ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችው፤ ቁልፉን ከፍ አድርጋ ይዛ፣ ለእናቷ ቤት በር እንደሆነና አንድ ተጨማሪ እንደምትፈልግ ነገረችው። ቁልፉን ተቀበላት። ከግድግዳው ተመሳሳዩን መርጦ ማሰሪያው ላይ አጠበቀ። ማሽኑን ከማስነሣቱ በፊት ጥጡን መልሶ እየወተፈ፣ የጡሩምባን ዜማ፣ መውጣት ያለበት ቦታ ላይ እየወረደ፣ ለራሱ አንጎራጎረው።