“ከሲ ጀምር” ያለኝ ጥፊ

የመጀመሪያዬን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ የመረጥኩት ተደባድቤ ነው። ስለዚህ ጉዳይ ረጋ ብለው የሚመክሩ ሰዎችን ስሰማ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ኢንጂነሪንግ ደርሶኝ፣ ዩኒቨርሲቲ እስኪጠራን ወልቂጤ ቤታችን ተቀምጬ በተሰነጠቀ ስልኬ ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ እለማመድ ነበር። መርካቶ የሚነግደው ታላቅ ወንድሜ ለመስቀል ሲመጣ ላፕቶፕ ሊያመጣልኝ ቃል ገብቷል። ያለ ላፕቶፕ ያንን ትምህርት መጀመር ያለ መዶሻ አናጺ መሆን ነው፤ ከእሱ ሌላ የሚገዛልኝም አልነበረም።

ወንድሜ አይጮህም፤ ሲመታም አያስጠነቅቅም። በእሱ ዓለም ሁሉም ነገር ከታች ይጀመራል። ከስምንተኛ ክፍል ወጥቶ ሊስትሮ ሆነ፣ ቀጥሎ ሱቅ በደረቴ ይዞ ዞረ፣ ከዚያ የዘመድ ሱቅ ጠረገ፤ አሁን የራሱ ሱቅ አለው። ደረጃ የዘለለ ልጅ ይሰበራል ብሎ ያምናል።

በመጣ ማግስት ላፕቶፑን ከፍቶ፣ የተማርከውን አሳየኝ አለ። ሁለት መስመር ጻፍኩ፤ ማሽኑ ስሙን ጠርቶ ሰላም አለው። ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። እሱ ግን በሁለት መስመር ብቻ ነው እንዴ ብሎ ወደ አጎታችን ልጅ ዞረ። የአጎታችን ልጅ የሦስተኛ ዓመት የኢንጂነሪንግ ተማሪ ነው፤ ነገር ማቀጣጠል ይወዳል። ፓይተን የሰነፍ ነው፣ ኢንጂነር የሚጀምረው ከታች፣ ሲ ከሚባለው ቋንቋ ነው አለ። እኔ መጀመሪያ ማሰቡን ልልመድ፣ ሲ በኋላ ይደርሳል ብዬ ልከራከር ስል የወንድሜ ጥፊ ቀደመኝ።

ጆሮዬ ጮኸ። በሁለተኛው ከንፈሬ ተሰነጠቀ። እስከዚህ ያለውን ለምጄዋለሁ፤ ታላቅ ይመታል፣ ታናሽ ያቀረቅራል። በሦስተኛው ግን እኔን ትቶ ላፕቶፑን ብድግ አደረገና ሊከሰክሰው ወደ ግቢው ድንጋይ አመራ። አቋራጭ ለሚወድ ይህ አይገባውም አለ። ዘልዬ ሸሚዙን ጨመደድኩና ፊቱን በቡጢ ነረትኩት። አፍንጫው ሲሰበር ጣቴ ላይ ተሰማኝ። ደስም አለኝ፣ ምን እዋሻለሁ። ሊገላግል የገባው የአጎታችን ልጅ ከሁለታችንም ቀመሰ፤ ይበለው። ላፕቶፑ ሳር ላይ ወደቀ። እናታችን መሀላችን ገብታ መሬት ስትወድቅ ነው የቆምነው።

ታላቁን የመታ ልጅ በእኛ ዘንድ እንዲህ በቀላሉ አይታለፍም። ደግሞም የተጣላ ወንድም ባለበት ቤት የመስቀል በሬ አይታረድም። በሬው ታስሮ፣ ካራው ተስሎ፣ ሽማግሌዎች ከአገና ከተማ ተጠርተው መጡ። እኔ ባበጠ ከንፈር፣ ወንድሜ ጥጥ በተወተፈበት አፍንጫ ፊታቸው ቆምን። ጠቡ በመሬት ነው ወይስ በሴት ብለው ጠየቁ። በኮምፒውተር ቋንቋ ነው ስንላቸው እርስ በርስ ተያዩ።

ትልቁ ሽማግሌ ፈረዱ። ታላቅ ያለው ይሁን፣ ልጁ ከሲ ይጀምር፤ ዕቃውም ይሰጠው፤ ከእንግዲህ ግን እጅ እንዳይነሳ አሉ። ጎንበስ ብዬ የወንድሜን ጉልበት ሳምኩ፤ ከልቤ ግን አልነበረም። እሱ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ ተናገረ።

“አባቶቼ፣ እኔ የማውቀው ሁሉ በዱላ የገባኝ ነው። መጥረጉም፣ ሚዛን መያዙም። ሳይመታ ማስተማር የሚያውቅ ካላችሁ ይነሳና ያሳየኝ፤ እኔም እማራለሁ።”

ሽማግሌዎቹ የየራሳቸውን ከዘራ አዩ። ትልቁ ሽማግሌ ጉልበታቸው ላይ የነበረውን ከዘራ አንስተው መሬት አስቀመጡት። እኔ ያን ጊዜ አለቀስኩ፤ ለከንፈሬ አይደለም።

በሬው ታረደ። ሰው ሲበላ እኔ ላፕቶፑን ከፍቼ ሲ ጀመርኩ። ወንድሜ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። የጻፍኩትን ሳስነሳው ማሽኑ ስህተት ብሎ በቀይ መለሰልኝ፤ የወንድሜም እጅ ብድግ አለ። ሁለታችንም አየነው። ቀስ ብሎ አወረደው፣ ከጭኑ ስር ከተተውና ተቀመጠበት።

“ቀጥል” አለኝ።