የወይዘሮ የሺዓለም ሁለት በሮች

ኅዳር 23 ቀን 2010 ዓ.ም. ነበር እላለሁ። ቅዳሜ መሆኑን አልጠራጠርም። የጊዮርጊስ ዕለት መሆኑንም አልጠራጠርም፤ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ነጠላ የለበሰ ሕዝብ አስፋልቱን ሞልቶት እንደነበር ዛሬም ይታየኛል። ዓመቱን ግን አፌን ሞልቼ አልናገርም። 2011 ይሆን? ኋላ የምነግራችሁ ናዝራዊት ያን ቀን የጫማዋን ክር ራሷ ማሰር የማትችል ልጅ ነበረች፤ በዚያ ስገምት 2010 ሳይሆን አይቀርም። ሄጄ እንዳላጣራ ቤቱ ዛሬ የለም።

ቤቱ ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ ማዕዘን ላይ የቆመ አሮጌ ኬክ ቤት ነበር። ማዕዘን ላይ ስለሆነ ሁለት በር አለው። አንዱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ያያል፤ ሌላው ወደ አትክልት ተራ በሚያወርደው ቁልቁለት ይከፈታል። በሁለቱ መካከል ባንኮኒው አለ፤ ከባንኮኒው ኋላ ደግሞ ወይዘሮ የሺዓለም። የኬክ ቤቱ ባለቤት አቶ ገብረዮሐንስ ገና ልጅ ሳሉ ቀጥረዋቸው ነበር፤ አቶ ገብረዮሐንስ ሞተው ቤቱ ለልጆቻቸው ሲተላለፍም ወይዘሮ የሺዓለም ከቦታቸው አልተነሱም። ሰማያዊ ገዋን ይለብሳሉ፤ መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ ይንጠለጠላል። ማኪያቶ የሚጠጣውን ሁሉ በስኳሩ ልክ ያውቁታል። እኔን «ሦስት ማንኪያ» ይሉኝ ነበር።

ያን ቅዳሜ በጊዮርጊስ በኩል ባለው በር ላይ ጩኸት ተነሳ። አንድ ወንድና አንዲት ሴት አንዲት ልጅ መሐላቸው አቁመው፣ አንዱ ቀኝ እጇን ሌላዋ ግራ እጇን ይዘዋል። እምሩና ብሩክታይት ይባላሉ፤ እሱ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ፣ እሷ ነርስ። ተፋትተዋል። ልጃቸው ናዝራዊት ከእናቷ ጋር እንድትኖር፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ አባቷ ዘንድ እንድትሆን ፍርድ ቤት ወስኗል። የት ይረካከቡ በሚለው መስማማት ስላቃታቸው ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ ነበር የሚቀባበሏት። ያን ቀን እናትየዋ አርፍዳለች፤ አባትየው ጠብቆ ሰልችቶት ሊፈልጋት ሲመጣ መንገድ ላይ ተገናኙ።

ወይዘሮ የሺዓለም ከባንኮኒው ወጡ።

«ልጅቷን ልቀቋት።»

«እትዬ፣ እርስዎን አያገባዎትም» አለ እምሩ።

«ልክ ነህ፣ አያገባኝም። ግን በሬን ዘጋችሁብኝ። ግቢ የኔ ቆንጆ፣ ቦምቦሊኖ ትወጃለሽ?»

ልጅቷ ገባች። ወይዘሮ የሺዓለም ባንኮኒው አጠገብ ካለችው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጧት፤ ሻይ አዘዙላትና ወደ በሩ ተመለሱ። «አንቺ አድርሰሻል፤ በዚሁ በመጣሽበት ሂጂ። አንተ ደግሞ ዞረህ በአትክልት ተራው በር ግባ። ሻይዋን ሳትጨርስ እንዳትገባ።»

ብሩክታይት ንዴቱ ገና አልለቀቃትም። «ስለ ፍቺ ምን ያውቃሉ እርስዎ? ለመሆኑ አግብተው ያውቃሉ?»

«አላገባሁም» አሉ ወይዘሮ የሺዓለም። «ልጅ ግን ነበርኩ።»

እኔ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ይህን ሰማሁ። ብሩክታይት በመጣችበት ሄደች። ልጅቷ ሻይዋን ጠጣች። አባቷ በሌላው በር ገባ፤ እጇን ይዞ ወጣ። በቃ፣ ይኸው ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ማንም ሳያዛቸው እንደዚያው አደረጉ፤ እሁድ ማታ ደግሞ በሮቹን ገልብጠው። እናት በአንዱ፣ አባት በሌላው፤ በመሐል አንድ ብርጭቆ ሻይ የሚያህል ጊዜ። እነዚያ ሁለት ሰዎች ያለ ጩኸት የተለያዩት ያኔ ይመስለኛል።

ወሬው ከፒያሳ አልፎ ተዳረሰ። ሌሎች እናቶችና አባቶችም ልጆቻቸውን ይዘው መምጣት ጀመሩ። አስተናጋጆቹ ጠረጴዛዋን «ኬላ» ብለው ሰየሟት። «እትዬ የሺ፣ ኬላው ዛሬ ሞልቷል፤ ቀረጥ እናስከፍል እንዴ?» ይላሉ። የኬላው ሕግ ግን ቀልድ አልነበረውም። ጠረጴዛዋ ላይ ልጅ አይጠየቅም። «እናትሽ ከማን ጋር በስልክ ታወራለች?» የለም፤ «አባትህ ቤት ማን አደረ?» የለም። ወላጆችም በእሳቸው በኩል መልእክት መላላክ አይችሉም።

«ጫማዋ ጠቧታል ብለው ለአባቷ ይንገሩልኝ፣ እትዬ» ትላለች አንዷ እናት።

«ስልክ የለሽም?»

«አላናግረውም።»

«እንግዲህ እግሯን ሲያይ ይገባዋል። የመድኃኒት ነገር ከሆነ ንገሪኝ፣ አደርሳለሁ። ሌላ አልሸከምም።»

ሕግ ሊጠይቋቸው የሚመጡም ነበሩ። ለእነዚያ መልሳቸው አንድ ነው፦ «እዚህ የሚሸጠው ኬክ ነው። ሕግ ከፈለግህ እዚያ ጥግ ተቀምጦልሃል፤ ማኪያቶ ጋብዘው።» ጥግ ላይ የሚቀመጡት አቶ ክፍሌ ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን በጥብቅና የኖሩ፣ ጡረታ ወጥተውም ጋዜጣቸውን ይዘው ከዚያ ወንበር የማይጠፉ። አንድ ሹፌር፣ ዓብይ የሚባል፣ እንዲህ ሲል ሰምቼዋለሁ፦

«ልጄን አላሳይም አለችኝ። እኔም ቀለቡን አቆምኩ። ልክ አይደለሁም?»

«ልጅህ ምን አድርጎህ ነው የምታስርበው?» አሉ አቶ ክፍሌ ቀና ሳይሉ። «ቀለቡ የእሷ አይደለም፣ የልጁ ነው። እሷም ብትሆን ቀለብ ቀረ ብላ ልጁን ልትከለክልህ አትችልም። ሁለቱ ለየብቻ ናቸው። አላሳይም ካለችህ ለፈረደው ፍርድ ቤት አቤት በል፤ ያስፈጽምልሃል።»

«ሰባት ዓመት ሲሞላውስ ለእኔ ይሆናል አይደል?»

«ማነው እንዲህ ያለህ?»

«ሁሉም ይላል።»

«ሁሉም ዳኛ አይደለም። ሕጉ የሚያየው የት ቢሆን ለልጁ ይሻለዋል የሚለውን ነው። ነገር ከተለወጠ ውሳኔውም ሊለወጥ ይችላል፤ የልደት ሻማ ስለጨመረ ግን አይለወጥም።»

ሽማግሌ ፊት ፈርመን ተፋተናል ብለው የሚመጡም ነበሩ። እነሱን አቶ ክፍሌ ማኪያቶ ሳይጋበዙ ነበር የሚነግሯቸው፦ ሽማግሌ ያስማማል፣ ጋብቻን የሚያፈርሰው ግን ፍርድ ቤት ነው፤ እስከዚያው ሁለቱም ያገቡ ናቸው። አንዱ ይህን ሲሰማ ላብ ሲያጠምቀው አይቻለሁ። ለካ ሁለተኛ ሠርግ ጠርቶ ኖሯል። ወይዘሮ የሺዓለም ከባንኮኒው ሆነው «የሠርጉን ኬክ እንዳያዝዘኝ አስጠነቀቅኸው፤ ገበያዬን ገደልከው እኮ ክፍሌ» አሉ። አቶ ክፍሌም «አንቺ የሺ፣ እኔ ከእስር ቤት አዳንኩት፣ አንቺ ስለ ክሬም ታወሪያለሽ» ብለው ጋዜጣቸውን ገለጡ።

ጭንቁ የመጣው በ2015 ነው። ብሩክታይት ሐዋሳ ጥሩ ሥራ አገኘች፤ ናዝራዊትን ይዛ ልትሄድ ነው። እምሩ ልጄን ዓይኔ እያየ አርቃ ልትወስዳት ነው ብሎ ልጅቷ ወደ እሱ እንድትዛወር አቤቱታ አቀረበ። ናዝራዊት ከማን ጋር እንደምትኖር እንደገና ሊወሰን ነው። ሁለቱም ያሰቡት አንድ ምስክር ነው። ልጃቸውን በየሳምንቱ፣ እናትም አባትም በሌሉበት የሚያያት ሰው አንድ ብቻ ነበራ።

መጀመሪያ ብሩክታይት መጣች። «እትዬ፣ እሁድ ስትመለስ ፊቷ እንዴት እንደሚሆን እርስዎ ያውቃሉ።»

ከዚያ እምሩ። «ቅዳሜ ስታየኝ እንዴት እንደምትሮጥ ያያሉ። እሱን ብቻ ይናገሩ።»

ለሁለቱም «አልመጣም» አሏቸው። የሌሎቹ ልጆች ወላጆችም ከሩቅ ያዩ ነበር። ወይዘሮ የሺዓለም ለአንዱ ከመሰከሩ ያቺ ጠረጴዛ አበቃላት፤ ከዚያ ወዲያ ልጁን ያለ ስጋት የሚያስቀምጥባት አይኖርም። አልመጣም ማለት ግን አላዋጣም። በእምሩ ጠያቂነት መጥሪያ ደረሳቸው።

«መቅረት አይቻልም?» ብለው አቶ ክፍሌን ጠየቁ። እሳቸውን ሲጠይቁ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

«አይቻልም፣ የሺ። ያየሽውን መናገር ነው።»

«ያየሁትን ብቻ?»

«ያየሽውን ብቻ።»

ችሎቱ ዝግ ስለነበር እኔ አልገባሁም። የነገረኝ እምሩ ነው፤ በማግስቱ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ፣ ያዘዘው ማኪያቶ እየቀዘቀዘ። ዳኛዋ ወይዘሮ የሺዓለምን አስምለው፣ ልጅቷ ወደ ማን እንደምታደላ ጠየቋቸው።

«ጠይቄያት አላውቅም፣ ክብርት ዳኛ» አሉ።

«ነግራዎት አታውቅም?»

«እኔ ዘንድ የምትቀመጠው ላለመናገር ነው።»

«እሺ፣ ያዩትን ይንገሩን።»

«ያየሁት ቦምቦሊኖ ነው» አሉ። ከጠበቆቹ አንዱ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። «ቅዳሜ ከእናቷ ጋር ትመጣለች። ቦምቦሊኖ እሰጣታለሁ። ለሁለት ትቆርሰዋለች፤ ግማሹን በልታ ግማሹን በሶፍት ትጠቀልላለች። አባቷ ሲመጣ ትሰጠዋለች። እሁድ አባቷ ያመጣታል። ያንኑ ታደርጋለች፣ ለእናቷ ትይዛለች። ሌላ ልጨምርልሽ ብላት የራሴን ነው የምሰጠው ትላለች። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ሙሉ ቦምቦሊኖ በልታ አታውቅም። ያየሁት ይህ ነው።» ከዚያም ጨመሩ፦ «ልጅ ሙሉ መብላት ነበረባት።»

እምሩ የቀዘቀዘውን ማኪያቶ ገፋ አደረገ። «ያን ግማሽ ሁልጊዜ መንገድ ላይ እየበላሁት ነው የምሄደው» አለ። «ጠግባ የተረፋት ነበር የሚመስለኝ።» ብሩክታይትም እዚያው ችሎት ውስጥ ያንኑ ብላ እንዳለቀሰች ነገረኝ። እሷም ትራፊ ነበር የሚመስላት።

ዳኛዋ ሌላ ቀጠሮ ሰጡ፤ እስከዚያ ተነጋገሩ አሏቸው። ሁለቱ መጥተው የተነጋገሩት ኬክ ቤቱ ውስጥ ነው፤ በኬላዋ ሳይሆን ከእኔ ፊት ለፊት ባለው ጠረጴዛ። ቀላል አልነበረም። አንድ ጊዜ እምሩ ብድግ ብሎ ወጣ፤ ወይዘሮ የሺዓለም በሌላው በር መልሰው አስገቡት። «ሂሳብ አልከፈልክም» አሉት፤ ከፍሎ ነበር። በመጨረሻ ናዝራዊት ከእናቷ ጋር ሐዋሳ እንድትሄድ፣ ትምህርት ሲዘጋ ክረምቱን አባቷ ዘንድ እንድትሆን፣ በየማታው ደግሞ በስልክ እንዲያወሩ ተስማሙ። ፍርድ ቤቱም አጸደቀላቸው። እምሩ ደስ ብሎት አይደለም የፈረመው። «ግማሽ ከምትበላ ብዬ ነው» ብቻ አለኝ፤ ማንን ማለቱ እንደሆነ ገብቶኛል።

ሊሄዱ ሲሉ ሦስቱም አብረው መጡ፤ በአንድ በር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። ናዝራዊት አድጋለች፤ ጫማዋን ራሷ ታስራለች። ወይዘሮ የሺዓለም ቦምቦሊኖውን አቀረቡላት። እንደ ልማዷ ለሁለት ቆረሰችው፤ አንዱን በላች፤ ሶፍቱን አነሳች። ከዚያ ግራና ቀኟን አየች። እናቷም አለች፣ አባቷም አለ፤ የምትይዝለት የሚመጣ ሰው የለም። ሶፍቱን አስቀመጠችና ሌላውንም ግማሽ በላችው። ወይዘሮ የሺዓለም ጀርባቸውን ሰጥተው የቡና ማሽኑን ይወለውሉ ነበር። ማሽኑ ንጹሕ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት የኬክ ቤቱ ግድግዳ ላይ ይፈርሳል የሚል ቀይ ምልክት ተቀባ። ፒያሳ እንዴት እንደፈረሰ እዚህ አልተርክም፤ ያየ አይቶታል። እኔ ግን ቀን ከሌት አንድ ነገር ያብከነክነኝ ጀመር፦ ወይዘሮ የሺዓለም ያን ቅዳሜ «ልጅ ግን ነበርኩ» ያሉት። የማን ልጅ? እናታቸው ናቸው የያዟቸው ወይስ አባታቸው? ሌላኛው በየትኛው በር ቆሞ ጠበቃቸው? አቶ ክፍሌን ጠየቅሁ። «ይህን ሁሉ ዓመት አብሬያት ተቀምጫለሁ፤ አልነገረችኝም። እኔም በእሷ ሕግ አልጠየቅኳትም» አሉኝ። እኔ ግን ልጠይቅ ቆረጥኩ። ባለ ሁለት በሩ ቤት ከጠፋ፣ ይህ ነገር ቢያንስ አንድ ሰው ጋ መቅረት አለበት ብዬ።

ከጊዮርጊስ ጀርባ ያለው የቀበሌ ቤታቸው ስደርስ ዕቃው አይሱዙ ላይ ተጭኖ አልቋል፤ ወደ ተሰጣቸው ኮንዶሚኒየም ሊሄዱ ነው። ከኬክ ቤቱ ያመጧት ያቺ ትንሽ ጠረጴዛ እግሯ ወደ ሰማይ ሆኖ ከፍራሹ በላይ በገመድ ታስራለች። ኮንዶሚኒየሙ አንድ በር ብቻ እንዳለው ለሾፌሩ ሲነግሩት ሰማሁ። «ግድ የለም፣ በረንዳ አለው» አላቸው።

ከሾፌሩ ጎን ገቢና ተቀምጠዋል፤ ገዋኑን ለብሰውታል።

«እትዬ የሺ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት...»

«ሦስት ማንኪያ!» አሉ ደስ ብሏቸው። «አሁን የሚቆጣጠርህ የለም፤ ስኳር ቀንስ፣ ሰማህ?»

ሾፌሩ ሞተሩን አስነሳ። ጥያቄዬን ልጨርስ ብዬ እጄን መስኮቱ ላይ እንዳደረግሁ ጥቂት አብሬ ተራመድኩ፤ እሳቸው ግን ወደ ኋላ ዞረው የጠረጴዛዋ ገመድ መጥበቁን ያያሉ። መኪናዋ ወደ አትክልት ተራ በሚያወርደው ቁልቁለት ታጠፈች።