ጎርጎራ ላይ የተፈታው ሹሩባ

የወንድሜ ልጅ ቅድስት ባለፈው እሑድ ስልኳን ይዛ ደባርቅ ቤቴ መጣች፤ ፊቷ ጠቁሯል። ጎርጎራ፣ ጣና ዳር ካለው ደን ሄዳ ሐይቁ ውስጥ ስትዋኝ የተነሳችውን ፎቶ ለጥፋ ኖሮ አባቷ «አሁኑኑ አጥፊው! የሰው መሳቂያ አደረግሽኝ» ብሏታል። ፎቶውን አየሁት። ከነጸጉሯ ረጥባ ትስቃለች። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ በወንድሜ ተናደድሁ።

በእሷ ዕድሜ ሳለሁ ከወላጆቼ ቤት ከበየዳ ወርጄ፣ ዳባት አክስቴ እትዬ ውድነሽ ዘንድ ተጠግቼ እማር ነበር። ግንቦት ላይ ትምህርት ቤቱ ለጉብኝት ወደ ጎርጎራ ሊወስደን ሆነ። የመሄጃችን ዋዜማ እትዬ ከጉልበታቸው ስር አስቀምጠው ሹሩባ ሠሩኝ። ቆዳዬ እስኪሳብ አጥብቀው፣ በቅቤ አርሰው ጎነጎኑት። እንዲህ ያለው ለሠርግ እንጂ ለመንገድ አይሠራም። ሲጨርሱ ነገሩ ገባኝ።

«እንግዲህ ይኸ ማኅተሜ ነው» አሉ። «ሴት ልጅ ከጠበል በቀር በሰው ፊት ውሃ አትገባም። ይኸ ጸጉር ረጥቦ ቢመጣ ትምህርትሽ አበቃ፤ በማግስቱ በየዳ ነሽ።»

ከዳባት ስንነሳ ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጭ ነበርና ሁላችንም ጋቢ ደርበናል። ጎንደርን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ጋቢው ዕዳ ሆነብን። ጎርጎራ የዋርካው ጥላ፣ የወፉ ጫጫታ፣ የሚጠበሰው አሳ ሽታ ተቀበለን፤ ከዛፎቹ ማዶ ደግሞ ዳርቻው የማይታይ ውሃ። ወንዶቹ ልብሳቸውን ጥለው ሮጡ። አስተማሪያችን ወደ እኛ ወደ ሴቶቹ ዞሮ «እናንተ ጥላው ስር ሆናችሁ ጋቢዎቹን ጠብቁ» አለን።

የወንዶቹን ጋቢ! አሁንም ድረስ ያንገበግበኛል። ተነሳሁና ከነቀሚሴ ገባሁ። የእኛ አገር ወንዝ ቅዝቃዜው አጥንት ድረስ ስለሚዘልቅ ደገኛ ውሃ ሲነካ ትንፋሹን ይይዛል። እኔም ጥርሴን ነክሼ ብጠብቅ ብጠብቅ ብርዱ አልመጣም።

«ኧረ ይሞቃል! ማን አሞቀው?» ብዬ ጮኽሁ።

ጓደኞቼ ሳቁብኝ፤ ከዚያ ሁለቱ መጡ። እስከ ወገባቸው ገብተው፣ አንገታቸውን አስግገው ጸጉራቸውን ይጠብቃሉ። እንደ እነሱ ባደርግ ማንም አያውቅብኝም ነበር። በየዳ ትዝ አለኝ፤ ፈራሁ። ግን ያን ሁሉ ውሃ አግኝቼ አንገቴን እንደ ዶሮ አስግጌ ልመለስ? ከነማኅተሙ ጠለቅሁ። ስወጣ ዳር ላይ ቁጭ ብዬ ሹሩባውን አንድ በአንድ ፈታሁት።

አመሻሹ ላይ እትዬ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

«ማን ፈታው?»

«እኔ ነኝ እትዬ። አልዋሽዎትም፤ ገብቻለሁ።»

«እንግዲያው ልብስሽን ሸክፊ።»

«አልሸክፍም። ቢያስወጡኝም ነገ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ።»

በሩን ዘጉብኝ። ያ ጎርጎራ ላይ ዕዳ የሆነብኝ ጋቢ ደጃፉ ላይ ጠቀመኝ፤ ተከናንቤው አደርሁ። ጎህ ሲቀድ እትዬ ወጡና አዩኝ። ጎፈሬዬን ነፍቼ፣ ደብተሬን ታቅፌ ተነሳሁ። እሳቸውም ትኩስ ዳቦ በእጄ አስጨበጡኝ። በየዳም ሳልመለስ ቀረሁ። ጸጉሬን ግን ዳግመኛ አልሠሩኝም፤ እኔም ከዚያ ወዲህ ማንንም «ሥሩኝ» ብዬ አላውቅም። በዕድሜዬ ብዙ ነገር ፈርቼ ትቻለሁ። ያን ውሃ ባለመተዌ ግን ዛሬም ደስ ይለኛል።

ቅድስት ይህን ሁሉ ሰምታ የሸበተውን ጎፈሬዬን አየችው።

«እና አክስቴ፣ ላጥፋው?»

«አታጥፊውም። ይልቅ እኔንም አንሺኝና ከጎኑ ለጥፊው። አባትሽ መቆጣት ካማረው በእኔ ይጀምር።»