ሰበታን ከወንዝ ዳር ሳበራ

ሥራ የጀመርኩ ቀን ዳይናሞ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ሰበታ ወንዝ ዳር ባለው የውሃ ወፍጮ ቤት የተቀጠርኩት ጆንያ ልሸከም ነው። ባለቤቱ ሁላችንም «ሙሴ» የምንለው ግሪካዊ ነበር። የዚያን ዕለት አመሻሽ ላይ ውሃው የሚያዞረውን ቺንጋ ከወፍጮው አውልቆ ከአንዲት ጥቁር ማሽን ጋር ሲያገናኘው ጣሪያው ላይ ያለው አምፖል በራ። ጆንያዬን እንደተሸከምኩ ቆሜ ቀረሁ።

«ምን ታያለህ?» አለኝ።

«ውሃው እንዴት እሳት እንደሆነ።»

«እሳት አይደለም። ጆንያውን አውርድ።»

ዓመት ሳይሞላ ማሽኑን ፈትቼ የምገጥመው እኔ ሆንኩ። ያስተማረኝ የለም፤ ዓይኔ ይበቃኝ ነበር። ከቡራዩ እስከ ሱሉልታ መብራት የሚያውቅ ሰው ሲፈለግ የሚጠራው «ተሰማ» ነው። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። ሌላ ሰው ስላልነበረ ነው።

እናንተ ተማሪዎች በደብተር የምትስሉትን እኔ በፒንሳና በካቻቢቴ ነው የሠራሁት። ኤሌክትሪክ በአንዱ ሽቦ ሄዶ በሌላው ይመለሳል፤ መንገዱ አንድ ቦታ ከተቆረጠ አምፖሉ አይበራም። ሙሴ ለከተማው መብራት መስጠት ሲጀምር አምፖሎቹን ሁሉ ጎን ለጎን አገናኘኋቸው፤ አንዱ ሲጠፋ ሌላው እንዳይጠፋ። ታዲያ ብዙ አምፖል ሲበራ ዳይናሞው ይከብደዋል፣ መብራቱም ይደበዝዛል፤ ያኔ ውሃ የሚያስገባውን በር ከፈት ማድረግ ነው። ሰው ሲያጠፋ ደግሞ ማሽኑ ይፈጥናል፣ ቮልቱ ይጨምራል፤ በሩን ቶሎ ካልመለሱት የቀረው አምፖል ይቃጠላል። ስለዚህ ከውሃው በር መራቅ አይቻልም።

ሙሴ «አንድ ሰው አሠልጥን» ሲለኝ «እኔ እበቃለሁ» አልኩት። በቃሁም። ቀን ወፍጮ፣ ማታ ዳይናሞ፤ መኝታዬም እዚያው።

ማታ ማታ የማየው የአምፔር መለኪያውን መርፌ ነው። ሌላ ሰው ቢያየው የቆመ ይመስለዋል፤ እኔ ግን በአንድ አምፖል እንኳ ሲነቃነቅ አውቃለሁ። ሁልጊዜ ቀድሞ የሚበራው የኦቦ ቶለሳ ቤት ነበር። ከደጃፌ ሆኜ ዳገቱ ላይ የሚታየኝ ቤትም እሱ ብቻ ነው። የምታበራው ልጃቸው ጫልቱ ናት። ሽቦውን በዘረጋሁ ቀን «ስታበሪ እኔ ጋ ይታወቃል» ብያት ነበር።

«እንግዲያው ከሁሉም ቀድሜ አበራለሁ» አለችኝ።

ሽማግሌ ልልክ ወሰንኩ። በዚያ ሰሞን ግን የኦቦ ቶለሳ ታላቅ ወንድም ሞቱ፤ የለቅሶ ድንኳን ተተከለ። እኔ በምሳ ሰዓት መሰላልና ሽቦ ተሸክሜ ሮጥኩ። ለቀስተኛው መሬት ላይ ተቀምጧል፤ እኔ ከራሳቸው በላይ አምፖል እሰቅላለሁ። አንዷ ሴትዮ «ይሄ ሰው የሚያለቅሰው ከላይ ሆኖ ነው እንዴ?» ስትል ሰማኋት። ጊዜ አልነበረኝም። እዚያው መሰላሉ ላይ ሆኜ «እግዜር ያጥናችሁ» አልኩና ወርጄ ወደ ወፍጮዬ ተመለስኩ። ድንኳኑ እስኪነሳ ድረስ መብራቱ አልደበዘዘም። እንደዚያ የበራ ለቅሶ ሰበታ አይታ አታውቅም።

ሐዘኑ ጋብ ሲል አጎቴን ከሁለት ጎረቤቶች ጋር ላክሁ። መልሱን ኦቦ ቶለሳ ራሳቸው ይዘው መጡ፣ እህል ሊያስፈጩ በመጡበት።

«አካም ጅርታ፣ ተሰማ?»

«ደህና ነኝ ኦቦ ቶለሳ፣ እርስዎስ?»

«ሽማግሌዎችህን አክብሬ ሸኝቻለሁ። ልጄን ግን አልሰጥህም።»

«ምን አጠፋሁ? የአገሩ መብራት በእጄ ነው። ለቅሶዎን እንኳ ያበራሁት እኔ ነኝ!»

«አበራህ። ወንድሜን ስቀብር የት ነበርክ?»

«እዚሁ፣ ወፍጮው ላይ። ማታ ደግሞ ማሽኑን ትቼ ብመጣ ይጨልምባችሁ አልነበረም?»

«በጨለመብን! በኩራዝ እንቀመጥ ነበር። አንተ ያጽናናኸን ከመሰላል ላይ ነው፤ አንድ ቀን መሬት አብረኸን አልተቀመጥክም። ነገ ልጄ ብትታመም መብራትህ ይመጣል፤ አንተ አትመጣም።»

ልመልስላቸው ስል የወፍጮው ድምፅ ተለወጠ፤ እህሉ አልቆ ድንጋዩ ባዶውን እየዞረ ነው። ሮጬ ሄጄ ውሃውን ቀነስኩ።

ስመለስ «ይኸው» አሉኝ። ዱቄታቸውን ጭነው ሄዱ።

ጫልቱ ለሱሉልታ ሰው ተዳረች። እሷ በገባችበት ቤት መብራት አልነበረም። በአባቷ ደጅ የተጣለውን የሰርጓን ዳስ ያበራሁት እኔ ነኝ፤ መርፌው የዚያን ማታ የወጣውን ያህል ወጥቶ አያውቅም፤ አንድም አምፖል አልተቃጠለም። ከዚያ ወዲያ የኦቦ ቶለሳ ቤት ከሁሉም ኋላ የሚበራ ሆነ። አመሻሽ ላይ መርፌው ዜሮ ላይ ብዙ ይቆያል። እኔም ቁጭ ብዬ አየዋለሁ።

ትልቁ መስመር ከአዲስ አበባ ሲመጣ ዳይናሞው ቆመ። ሙሴ ሲያሰናብተኝ «እንዳንተ ያለ ሠራተኛ አላገኘሁም» አለኝ። እውነቱን ነው። ሌላ የሚሸኘኝ ሰው አልነበረም፤ ቁልፉን ሰጥቼው ወጣሁ።

አሁን በትናንሽ ወንዞች ላይ ዳይናሞ መትከል እንደገና ተጀመረ ይባላል። ጥሩ ነው፤ ውሃ ነዳጅ አይጠይቅም። ተምራችሁ የምትተክሉ ልጆች ለአንድ ማሽን ሁለት ሠራተኛ አስቀጥሩ። አንድ ሰው ይበቃል ቢሏችሁ አትቀበሉ፤ ሰውየው እኔን ቢያክልም።